«ሉፕ ሉፕ ነው» ለሚሉን

በድረ ገጽ ሠሪዎች ዘንድ ማንም የማይከራከርበት አንድ አባባል አለ፦ «ሉፕ ሉፕ ነው»። ጅዳ ላይ ለሐጅና ዑምራ ወኪል የጉዞ ሰሌዳ የሚሠራውም፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሳዑዲ ደንበኛ ኮድ የሚልከውም በዚህ ይስማማሉ። ከፕሮቶታይፕ ወደ ጄኪዌሪ፣ ከጄኪዌሪ ወደ ሎዳሽ፣ ከሎዳሽ ደግሞ ያለ ምንም ላይብረሪ ወደሚጻፍ ጃቫስክሪፕት ሲዛወር የሚለወጠው የትእዛዙ ስም ብቻ ነው ይሉናል። የድሮውን «ኢች» ፈልግ፣ በአዲሱ «ፎርኢች» ተካ፣ ገጹን ክፈት፤ ቀይ ጽሑፍ ካልወጣ ሥራው አልቋል፣ ሒሳብህን ተቀበል።

ይህ አመለካከት ስህተት ነው፤ ስህተቱም ትንሽ አይደለም። በኦብጀክት ወይም በሃሽ ውስጥ ያለን መረጃ አንድ በአንድ የሚያወጣ ሉፕ ሁሉ ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን መልሷል። የትኞቹ ቁልፎች ይቆጠራሉ? በምን ቅደም ተከተል ይወጣሉ? ቁልፉና ዋጋው ወደ ፈንክሽኑ የሚገቡት በየትኛው ተራ ነው? ሉፑስ በመሐል የሚቆመው በምንድን ነው? ላይብረሪዎቹ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ይለያያል። መልሱ ኮዱ ላይ ተጽፎ ስለማይታይ ግን ስሙን የተካው ሰው መልሱንም አብሮ እንደለወጠ አያውቅም። ዕዳውን የሚከፍለው ኮዱን የጻፈው ሳይሆን ስክሪኑን አምኖ የሚሄደው ሰው ነው።

ክርክሬን በጅዳና በመካ ምሳሌ የማቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 ሐጅ ያደረጉት 1,833,164 ሰዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። በ2018 ነሐሴ መግቢያ ላይ ጅዳ ውስጥ በተካሄደው የሐጅ ሃካቶን 2,950 ተሳታፊዎች ተገኝተው በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ኑሱክ የተባለው የመንግሥት መተግበሪያ ፈቃድና ምዝገባውን ወደ ስልክ አምጥቶታል። በመንግሥቱ ሥራ ዙሪያ ለአውቶቡስ፣ ለሆቴል፣ ለምግብ፣ ለሻንጣ የሚሠሩ ትናንሽ ገጾችም አሉ። እነዚህ ገጾች የሚይዙት መረጃ ልዩ ጠባይ አለው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይዘቱ ነው። ጠዋፍ ሰባት ዙር ነው፣ ሰዕይም ሰባት ነው፤ የሐጅ ቀናት ከዙል ሒጃ 8 እስከ 13 በተራቸው ካልሆነ ትርጉም የላቸውም። የሸቀጥ ዝርዝር ተራው ቢዛባ ገዢው ትንሽ ይፈልጋል፤ የሐጅ ሰሌዳ ተራው ከተዛባ ግን ሰሌዳ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ ከቅደም ተከተሉ እንጀምር። አንድ የጉዞ ሰሌዳ መጀመሪያ የተጻፈው የጥንዶች ዝርዝር፣ ማለትም አሬይ ሆኖ ነው እንበል፦ ቀንና ተግባር፣ ቀንና ተግባር። አዲሱን ላይብረሪ የሚያስገባው ሰው በቀን መፈለግ እንዲቀል ዝርዝሩን ወደ ኦብጀክት ይለውጠዋል። ቁልፎቹ «08»፣ «09»፣ «10»፣ «11»፣ «12» እና «13» ናቸው። 8ኛው ቀን ሚና፣ 9ኛው ዓረፋ፣ 10ኛው ኢድና የመጀመሪያው የጠጠር ውርወራ፣ ከዚያም የተሽሪቅ ቀናት። ዳታው ሲጻፍ በዚሁ ተራ ተጽፏል። ሉፑ ሲያወጣው ግን 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ ከዚያ በኋላ 08 እና 09 ይላል። ሐጁ በኢድ ጀምሮ በዓረፋ አለቀ ማለት ነው።

ብራውዘሩ አልተበላሸም፤ ይህ የጃቫስክሪፕት ደንብ ነው። ኦብጀክት ውስጥ ያለ ቁልፍ ንጹሕ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሰለፋል፤ ሌሎቹ በገቡበት ተራ ከኋላ ይከተላሉ። «10» ንጹሕ ቁጥር ነው። «08» ከፊቱ ዜሮ ስላለ ለጃቫስክሪፕት ተራ ቃል ነው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያው ገጽ የዓረብኛ ቅጂ ላይ ቁልፎቹ በዓረብኛ አኃዝ ቢጻፉ አንዳቸውም እንደ ቁጥር አይታዩምና ሁሉም በገቡበት ተራ፣ ማለትም በትክክል ይወጣሉ። በግእዝ ቁጥር፣ በ፰ በ፱ በ፲ ብንጽፋቸውም እንዲሁ ነው። አንድ ዳታ፣ አንድ ሉፕ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት የተለያየ ሐጅ። የዓረብኛውን ገጽ የሚፈትሸው የጅዳ ደንበኛ ምንም ጉድለት አያይም፤ የተዛባው ገጽ የሚደርሰው የባዕድ ቋንቋ ቅጂውን ለሚያነበው እንግዳ ብቻ ነው።

«ሐጅ አድራጊ መሪ አለው፣ ቀኑን ከስልክ አይማርም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዓረፋ መቼ እንደሆነ ማንም ከድረ ገጽ አይጠይቅም። የአውቶቡስ ሰዓትን፣ የድንኳን ቁጥርን፣ የምግብ ተራን ግን ከስልኩ ነው የሚያየው፤ እነዚህም የሚቀመጡት በዚያው ዓይነት ኦብጀክት ነው። ከሰርቨር የሚመጣ የተጓዦች ዝርዝርም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ፒኤችፒ ላይ በስም ፊደል ተራ በጥንቃቄ የተደረደረ ዝርዝር፣ ቁልፉ የምዝገባ ቁጥር ከሆነ ወደ ጄሰን ተለውጦ ብራውዘር ሲደርስ በቁጥር ተደርድሮ ይወጣል። የሰርቨሩ ሰው «እኔ ደርድሬ ልኬያለሁ» ይላል፤ የገጹ ሰው «እኔ እንደመጣልኝ አሳየሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ በመሐላቸው ያለውን ደንብ ግን አንዳቸውም አላነበቡትም።

ይህ ጉዳይ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ጎግል ክሮም በ2008 ሲወጣ ቁጥር የሆኑ ቁልፎችን እያስቀደመ ያወጣ ነበር፤ በወቅቱ የነበሩት ሌሎች ብራውዘሮች ግን ገጽ ሠሪዎች እንደለመዱት በገቡበት ተራ ያወጧቸው ነበር። ዓመታት የፈጀ አቤቱታ ተነሣ። የቋንቋው መደበኛ ሰነድ የቁልፎችን ተራ መደንገግ የጀመረው በ2015 ነው፤ የድሮው «ፎር ኢን» ሉፕ ተራ በግልጽ የተወሰነው ደግሞ በ2020 ዕትም ላይ ነው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ኮድ ዛሬም እየሠራ ነው፤ ጸሐፊው የገመተው ተራ የትኛው እንደነበር ኮዱ አይናገርም።

ሁለተኛው ጥያቄ የትኞቹ ቁልፎች ይቆጠራሉ የሚለው ነው። የጄኪዌሪ «ኢች» ኦብጀክትን ሲያዞር ከራሱ ቁልፎች ሌላ ከወላጁ የወረሳቸውንም ያወጣል። አንደርስኮር የተባለው ላይብረሪና የቋንቋው «ኦብጀክት.ኪስ» የራሱን ብቻ ያወጣሉ። ስለዚህ አንዱን በሌላው የተካ ሰው የጋራ ቅንብሮችን በውርስ ያስቀመጠ ገጽ ካጋጠመው ግማሹ መረጃ ያለ ድምፅ ይጠፋበታል።

ከዚህ የከፋው ግን «ሌንግዝ» የሚባለው ቁልፍ ነው። የሐረመይን ፈጣን ባቡርን እንውሰድ። በመስከረም 2018 የተመረቀው ይህ መስመር መካን በጅዳ በኩል ከመዲና ያገናኛል፤ ርዝመቱ ወደ 450 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሠሪ ስሙን፣ ፍጥነቱንና ርዝመቱን በሦስት ቁልፎች አድርጎ ያስቀምጣል፤ ለርዝመት የሚመርጠው የእንግሊዝኛ ቃል «ሌንግዝ» መሆኑ አይቀርም። በዛሬው ጄኪዌሪ ቢያዞረው ሦስት ረድፍ ያገኛል። በሎዳሽ ወይም በአንደርስኮር «ኢች» ቢያዞረው 450 ረድፍ ያገኛል፤ ሁሉም ባዶ። ምክንያቱም እነዚህ ላይብረሪዎች ቁጥር የሆነ «ሌንግዝ» ያለውን ኦብጀክት አሬይ ነው ብለው ይወስዱታል፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 449 እየቆጠሩ የሌለ ነገር ይጠይቁታል። ይህ የተደበቀ ጉድለትም አይደለም፤ የሎዳሽ መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል፣ ለኦብጀክት «ፎርኦውን» የተባለውን ተጠቀሙ ይላል። ስም በስም የሚተካ ሰው ግን መመሪያ የሚያነብበት ምክንያት የለውም፤ ሉፕ ሉፕ ነው ብሎ አምኗልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ማቆሚያው ነው፤ በእኔ እይታ ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ፕሮቶታይፕ ውስጥ ሉፕ ለማቋረጥ «ብሬክ» የተባለ ልዩ ምልክት መወርወር ያስፈልግ ነበር። ጄኪዌሪና ሎዳሽ ፈንክሽኑ «ፎልስ» ከመለሰ ያቆማሉ። አንደርስኮርና የቋንቋው የራሱ «ፎርኢች» ግን «ፎልስ» ቢመለስላቸውም ባይመለስላቸውም እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ከጄኪዌሪ ወደ «ፎርኢች» የተዛወረ ኮድ ስለዚህ የሚፈልገውን ካገኘ በኋላም መዞሩን አይተውም፤ የመጀመሪያውን ክፍት አልጋ ፈልጎ እንዲያቆም የተጻፈው የመጨረሻውን ይዞ ይመለሳል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ደግሞ ይብሳል። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ምልክት ሁሉ በጠዋት ወደ «አልደረሰም» የሚመልስ አንድ መስመር ኮድ አስቡ። በአጭሩ የፍላጻ ፈንክሽን ተጽፏል፤ ለእያንዳንዱ ተጓዥ «ደረሰ» የሚለውን «ፎልስ» ያደርጋል። አጭሩ የፍላጻ ፈንክሽን የመጨረሻ ውጤቱን ራሱ ይመልሳል፤ ውጤቱም «ፎልስ» ነው። በአንደርስኮር ሁሉም ተሳፋሪ ይታደሳል። የላይብረሪውን ስም ብቻ ለውጣችሁ በሎዳሽ ብታስኬዱት የመጀመሪያው ሰው ታድሶ ሉፑ ይቆማል፤ የተቀሩት ትናንት እንደደረሱ ሆነው ይቀራሉ። አንደርስኮርና ሎዳሽ ሁለቱም በአንድ የሰረዝ ምልክት የሚጠሩ፣ የትእዛዝ ስማቸውም አብዛኛው የሚመሳሰል ላይብረሪዎች ናቸው፤ ሎዳሽ በ2012 የተነሣውም የአንደርስኮር ምትክ ሆኖ ነው። «ስም ብቻ ነው የሚለወጠው» የሚለው እምነት ከዚህ በላይ የሚመቸው ቦታ የለም፤ የወደቀውም እዚሁ ላይ ነው።

አራተኛውን፣ የቁልፍና የዋጋን ተራ፣ ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ ብዙዎች ያውቁታል። ጄኪዌሪ በ«ኢች» ቁልፉን ያስቀድማል፤ አንደርስኮር፣ ሎዳሽ፣ ሙቱልስ የተባለው ላይብረሪና የቋንቋው «ፎርኢች» ዋጋውን ያስቀድማሉ። ፕሮቶታይፕ ሃሽን ሲያዞር ሁለቱን በአንድ ጥንድ አድርጎ ያቀብል ነበር። ጄኪዌሪ ከራሱም ጋር አይስማማም፤ አሬይ የሚቀበለው «ማፕ» ዋጋውን ሲያስቀድም በተመረጡ የገጽ ክፍሎች ላይ የሚጠራው «ማፕ» ግን ተራ ቁጥሩን ያስቀድማል። «ታይፕስክሪፕት ይይዝልናል» ለሚሉ መልሴ አጭር ነው፤ ቁልፉም ዋጋውም ጽሑፍ ከሆኑ፣ ለምሳሌ የበር ስምና የሆቴል ስም፣ ቢገለባበጡም ታይፕስክሪፕት አንዳች አይልም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ክርክሮች ልምጣ።

የመጀመሪያው «ይህ የድሮ ታሪክ ነው» የሚለው ነው። ጄኪዌሪ በ2006 የተወለደ ነው፣ ዛሬ ሁሉም በሪአክት ይሠራል ይላሉ። ሁሉም አይሠራም። ጄኪዌሪ ዛሬም ከዓለም ድረ ገጾች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ አለ፤ ዎርድፕሬስም አብሮት ይዞት ይመጣል፤ የትናንሽ ወኪሎች ገጽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዎርድፕሬስ ነው። ስለዚህ ዝውውሩ ታሪክ ሳይሆን የዛሬ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ የድሮ ሉፕ ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ እንዳለው የ2018ቱ ውዝግብ አሳይቷል። የጃቫስክሪፕት ኮሚቴ አሬይን የሚዘረጋ አዲስ ትእዛዝ «ፍላተን» ብሎ ሊያስገባ ሲል፣ የቆየ ሙቱልስ ያለባቸው ገጾች መሰበራቸው ታወቀ። ሙቱልስ ራሱ ቀድሞ «ፍላተን» የሚባል ትእዛዝ ጨምሮ ነበር፤ የአሬይን ተጨማሪ ትእዛዞች ወደ ራሱ ዕቃዎች የሚቀዳውም በ«ፎር ኢን» ሉፕ ነበር። ቋንቋው የሚያመጣው ትእዛዝ በ«ፎር ኢን» የማይታይ ስለሆነ፣ ሙቱልስ በላዩ ቢጽፍበትም አለመታየቱ አይለወጥም፤ ሉፑ ዘሎት ያልፋል። አንድ ሉፕ ምን ያያል፣ ምን አያይም የሚለው ጥያቄ የቋንቋውን ኮሚቴ የትእዛዙን ስም አስቀየረው፤ ዛሬ ትእዛዙ «ፍላት» የተባለው በዚህ የተነሣ ነው። የዓለም ኮሚቴ የተሸነፈበትን ነገር «ሉፕ ሉፕ ነው» ብሎ ማለፍ ድፍረት ነው።

ሁለተኛው ክርክር «ፈተና እንጽፋለን፣ ካለፈ አለፈ» የሚለው ነው። ፈተና አልጠላም፤ ነገር ግን ፈተና የሚይዘው የተጠረጠረውን ብቻ ነው። ኢሚዩተብል የተባለውን ላይብረሪ ተመልከቱ። የእሱ «ማፕ» ስለ ተራ ምንም ቃል አይገባም። ውስጡን ስታዩት ግን እስከ 8 ቁልፍ ድረስ በገቡበት ተራ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ካለፈ በሃሽ ይበትነዋል። በስድስቱ የሐጅ ቀናት ፈትኑት፣ በትክክል ይወጣል። ፈተናው አለፈ። ያንኑ ኮድ በአሥራ ሁለቱ የሒጅራ ወራት ስም ብታስኬዱት ግን ወራቱ ይደባለቃሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2016 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ብታዛውርም የሒጅራ አቆጣጠር ከአገሪቱ ሕይወት አልወጣም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የማያሳይ የጅዳ ወይም የመካ ገጽ ማግኘት ይከብዳል። ያ ገጽ በትንሹ ዳታ ተፈትኖ በትልቁ ይወድቃል።

ሦስተኛው የገንዘብና የጊዜ ክርክር ነው፤ እውነተኛው ክርክርም ይህ ይመስለኛል። ደንበኛው ገጹን ከረመዳን በፊት ይፈልጋል፣ ለሉፕ ምርመራ አይከፍልም። ይህን አከብራለሁ፤ እንጀራ ነው። ሁሉንም ሉፕ መመርመርም አያስፈልግም። አሬይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያዞር፣ በመሐል የማይቆም ሉፕ የዋጋና የተራ ቁጥር ቦታው ከተስተካከለ ያለ ሐሳብ ይዛወር። መቆጠር ያለባቸው ኦብጀክትና ሃሽ የሚያዞሩት እንዲሁም በመሐል የሚቆሙት ናቸው፤ በትንሽ ገጽ ላይ እነሱን ለይቶ ማንበብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ተሳፋሪው በር ላይ ቆሞ ከሚደውልልን ስልክ ግማሽ ቀኑ ይረክሳል።

አራተኛው አዲሱ ነው፦ «ማሽኑ ይቀይርልናል»። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ያያል፤ የጎደለው ግን ኮዱ ላይ ያልተጻፈው ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ተራው እንዲጠበቅ ፈልጎ ነበር ወይስ እንዲሁ ሆኖለት ነው? «ፎልስ» የተመለሰው ለማቆም ነው ወይስ ሳይታሰብ? ሰውም ማሽንም ይህን ከኮዱ ብቻ ሊያውቁት አይችሉም። የደንበኛውን ሥራ የሚያውቅ ሰው መልስ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐሳቡን ኮዱ ላይ ጻፉት። ተራው ይዘት ከሆነ አሬይ ተጠቀሙ፤ ቀኑን ቁልፍ ሳይሆን ከዋጋዎቹ አንዱ አድርጉት። በቁልፍ መፈለግም ተራም ካስፈለጋችሁ ከ2015 ጀምሮ ቋንቋው የራሱ «ማፕ» አለው፤ ቁልፉ ቁጥር ሆነ ቃል በገባበት ተራ ይጠብቀዋል። ተራ ኦብጀክት ማዞር ግድ ከሆነ ከ2017 ጀምሮ ያለውን «ኦብጀክት.ኤንትሪስ» ከ«ፎር ኦፍ» ጋር ተጠቀሙ፤ የራሱን ቁልፎች ብቻ እንደሚያወጣ ሰነዱ ይናገራል፣ ቁልፉና ዋጋው በስማቸው ይወጣሉ፣ ለማቆምም «ብሬክ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። ፈተናችሁ ውስጥ ደግሞ «08» እና «10»ን ጎን ለጎን፣ «ሌንግዝ» የሚባል ቁልፍን፣ «ፎልስ» የሚመልስ ፈንክሽንንና ከስምንት በላይ ቁልፍ ያለውን ኦብጀክት አስገቡ። እነዚህን አራት ያለፈ ዝውውር ይታመናል።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ጉዳይ በቁም ነገር ወስደውታል። ፓይተን ከ3.7 ዕትሙ ጀምሮ መዝገበ ቃሉ በገባበት ተራ እንደሚወጣ ቃል ገብቷል። ጎ ተቃራኒውን መረጠ፤ ማንም በተራው እንዳይተማመን ሆን ብሎ በየጊዜው ያደባልቀዋል። ሁለቱ ውሳኔዎች አይገናኙም፣ ሁለቱም ግን በአደባባይ የተነገሩ ናቸው። የእኛ ጥፋት አንዱን መምረጣችን አይደለም፤ ሳንመርጥ የመረጠልንን ላይብረሪ እየተከተልን፣ እሱ ሲለወጥ ምርጫችንም መለወጡን አለማየታችን ነው።

ስለዚህ ለጅዳም ለአዲስ አበባም ሠሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ላይብረሪ ለመቀየር ዋጋ ስታቀርቡ «የኦብጀክት ሉፖችን መመርመር» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሰዓቱንም አስከፍሉ። ደንበኛው ይህ ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀ ስድስቱን የሐጅ ቀናት ከ«08» እስከ «13» ጽፋችሁ በፊቱ አስኪዱለት። ሐጅ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኢድ ከዓረፋ ቀድሞ ሲያይ ለምን እንደሚከፍል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።